የአለቃ ደስታ ልጅ፤ የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወትና የቀለም ትምህርት



በዚህ እትም የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሕይወት በአጭሩ ልናቀርብላችሁ አስበናል። ሰውየው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። አንቱታውን የተውነው በድፍረት አይደለም። በወጣትነቱ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ የዚሁ ቤት ልጅ ስለ ነበረ፥ እንደ ታላቅ ወንድም አድርገን ብናየው አይቀየመንም ብለን ነው። ታሪኩ አገር ቤትንና ውጭ አገርን የሚያመላልስ ስለ ሆነ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ይህን ሰው እንድናስታውሰው ያስገደደንን አንድ ግድግዳ ማንሣት አለብን።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከአርት ፋኩልቲ የተውጣጣን አምስት ተማሪዎች፥ በአዲስ ከተማ ከመርካቶ ጀርባ በሚገኝ አንድ ሰፈር፥ ልጆች ገብተው የሚያነቡባትን አንዲት ጠባብ ክፍል ለማሳደስ ፈቃደኞች ሆነን ሄድን። ወንበሮቹ ተጠገኑ፤ መስኮቱ መስተዋት ገባለት። የቀረው ግድግዳው ነበር። ኖራ ብቻ ከምንቀባው ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆነን ሥዕል ብንሥልበት የተሻለ ነው ተባባልን። ያለን ገንዘብ ጥቂት ስለ ነበረ ከመርካቶ ነጭ፥ ቢጫ፥ ቀይና ሰማያዊ ብቻ ገዛን። አረንጓዴ ለምን ይገዛል? ሰማያዊና ቢጫ ሲደባለቁ አረንጓዴ እንደሚወጣቸው ከአንደኛ ደረጃ ጀምረን የሸመደድነው ነገር ነው።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሰማያዊውን በሰፊ ጣሳ ገለበጠና ቢጫውን ይጨምርበት ጀመር። ቢጫው እየተጨመረ ሄደ፤ ሰማያዊው ግን አልበገር አለ። የቢጫው ቆርቆሮ ሊያልቅ ሲቃረብ የወጣው ቀለም ከእርጅና የጠቆረ ጠርሙስ ይመስል ነበር። ሌላው ደግሞ ትንሽ ሞቅ ያደርገዋል ብሎ ቀይ ጨመረበት። በዚህን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ጭቃ ሆነ። በጭቃውም ከግድግዳው አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ቀባንበት፤ ሲደርቅ ይሻለዋል የሚል ተስፋ ነበረን። አልተሻለውም።

ከልጆቹ መካከል አንድ ሊስትሮ ነበረ፤ ዕድሜው 12 ዓመት ቢሆን ነው። ሳጥኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሲመለከተን ቆይቶ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያም ገባና ያለ አንዳች ንግግር ከቀረችው ቢጫ ጥቂት በቆርኪ ወሰደ፤ በስንጥር ጫፍ ሰማያዊ ነካ አደረገና በጠበጠው። ለምለም አረንጓዴ ወጣ። ደግሞ ነካ አደረገ፤ የግራር ቅጠል ሆነ። ደግሞ ነካ አደረገ፤ የጽድ ሆነ። ከወዴት እንደ ተማረው ብንጠይቀው፥ የቡና ዓይነት ጫማ ሲመጣለትና የሚስማማ ቀለም ሲያጣ ከጥቁሩና ከቀዩ ቀለም እያደባለቀ እንደሚያስማማ፥ ይህንንም አንድ ታላቅ ሊስትሮ አጠገቡ አስቀምጦ እንዳሳየው ነገረን። ነጣ ያለው በመጀመሪያ ይቀመጣል፤ ጠንካራው በጠብታ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይን ነው የሚፈርደው። ትምህርቱ በሙሉ ይኸው ነበር።

በዚያን ዕለት ማታ ስንመለስ ክርክር ተነሣ። ከኢትዮጵያ ሠዓልያን መካከል ቀለምን በእንዲህ ያለ መንገድ፥ ከሰው ጎን ተቀምጦ እጁን እያቆሸሸ የተማረ ማን ነው? ያኔ ከመካከላችን አንዱ የገብረ ክርስቶስን ስም አነሣ። በስሙ የተሠየመው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከስድስት ኪሎ የመማሪያ ክፍሎቻችን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ይገኛል። ከአምስታችን ገብቶ ያየው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህን የምንጽፈው ያን ኀፍረት ለማቃለል ጭምር ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ ብራና የሚያዘጋጁ፥ መጽሐፍ የሚጽፉና ጽሑፉን በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያ። ልጁም ገና ትንሽ ሳለ በዚህ ሥራ አባቱን እየረዳ አደገ።

ብራና እንዴት እንደሚዘጋጅ የማያውቅ አንባቢ፥ በከተማ የምናድግ ብዙዎቻችን እንደዚሁ ነንና፥ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። ቆዳው ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ ይፋቃል። ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ሲያልቅ፥ ፀሐይና ነፋስ ሲያደርቁት፥ የነበረው ቆዳ እንደ ገጸ ወረቀት ይሆናል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፥ ካረረ እህልና ከሙጫ ተበጥብጦ ይቀመጣል፤ ሲሰነብትም እየበሰለ ይሄዳል። ቀዩ የተከበረ ነው፤ የፈጣሪና የቅዱሳን ስም የሚጻፈው በእርሱ ነው። ለሥዕሉ የሚሆኑት ሌሎች ቀለሞች ደግሞ ይፈጫሉ፤ እንደ ሙጫና እንደ እንቁላል ባለ ማጣበቂያም ይለወሳሉ።

ይህን ሁሉ ሥራ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። በቁም ጸሐፊዎችና በሠዓልያን ዘንድ የቆየው ልማድ የሥራ ክፍፍል ነው። ልጆች ይዘፈዝፋሉ፥ ይወጥራሉ፥ ይፈጫሉ። በዕድሜና በሙያ ከፍ ያሉት ቀለም ይበጠብጣሉ፤ አለቃው ጥለት የሆነለትን መሥመር ከነደፈ በኋላ ውስጡን ይሞላሉ። ዋናው ፊትና ዋናው ዓይን ለአለቃው ይቀራል። በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድግ ልጅ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚማረው የቀለም ሕግ የለም። ብዙ ውኃ የበዛበት ቀለም ብራናውን እንደሚያጨማድደው፥ ሙጫ ያነሰው ደግሞ ሲደርቅ እንደሚረግፍ የሚያውቀው አጥፍቶ ሲቆጡት ነው። ይህ ትምህርት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቀለሞች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ ብዙም አይሟሟም። ቀዩ ቀይ ነው፤ ቢጫው ቢጫ ነው፤ በመካከላቸው የጠቆረ መሥመር እንደ ድንበር ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ገብረ ክርስቶስ ከአባቱ ቤት ይዞት የወጣው ትምህርት በአንድ በኩል ቀለምን ከሥሩ፥ ከዱቄቱና ከማጣበቂያው ጀምሮ ማወቅ ሲሆን፥ በሌላ በኩል ደግሞ የንጹሕ ቀለምን ኃይል ማክበር ነበር። እነዚህ ሁለት ነገሮች እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለዩትም ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ትምህርቱን በሐረር ከጀመረ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። ዊንጌት ከመርካቶ ብዙም የማይርቅ ትምህርት ቤት ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፥ በ1936 እና በ1941 መካከል፥ ወራሪው መንግሥት የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የሚለው ስም ራሱ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ ግን ገበያው የሕዝቡ ሆኖ በረታ። በበርበሬ ተራ ያለው ቀይ፥ በቅመም መደብሩ ያለው የእርድ ቢጫ፥ በሸማ ተራ በነጩ ላይ የሚታየው ጥለት፥ በምናለሽ ተራ ዝገቱ ተፍቆ እንደ አዲስ የሚያበራው ቆርቆሮ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዞሮ ለሚያይ ሰው የቀለም ትምህርት ቤት ከዚህ የበለጠ አይገኝም። እኛም ግድግዳውን ስንሠራ ያየነው ይህንኑ ነበር። በርበሬ ሻጭዋ እናት ከሁለት ዓይነት በርበሬ እየዘገኑ የሚያደባልቁት ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ለመልኩም ነው።

ገብረ ክርስቶስ ከዊንጌት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ። የገባው ግን ሥዕል ሊማር አልነበረም፤ በጊዜው እንዲህ ያለ ክፍል አልነበረምና የተመዘገበው ለሳይንስ ትምህርት ነው። ጥቂት ጊዜ ተምሮ ሳይጨርሰው ተወው። የኮሌጅ ወንበር ማግኘት እንደ ትልቅ ዕድል በሚቆጠርበት፥ ዲግሪ የያዘ ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ይህን ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ እያንዳንዳችን የቤተ ሰቦቻችንን ፊት በዓይነ ልቡናችን እያየን ልንገምተው እንችላለን። እርሱ ግን ሥዕል ለመሣል ቆርጦ ነበር።

በ1957 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን አገር፥ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። የገባበት ትምህርት ቤት የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ ተማሪው ትምህርቱን የሚቀስመው በወርክሾፕ ውስጥ እየሠራ፥ መምህሩና ጓደኞቹ የሚሠሩትን እያየ ነው። ልብ ያለው ሰው ይህ አሠራር ከአለቃ ደስታ ቤት እምብዛም የራቀ አለመሆኑን ይገነዘባል። የተለየው ቀለሙ ነበር። የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ በሸራው ላይ እንዳለ አንዱን በሌላው ላይ መሳብ፥ ማዋሐድ፥ ማለስለስ ይቻላል። መሥመር ድንበር ሆኖ እንዲቆም ግዴታ የለም። የኮሎኝ ከተማ ደግሞ በዚያው በ1957 አዲስ የሙዚየም ሕንጻ መርቃ ነበር። ዮሴፍ ሐውብሪሽ የተባለ የከተማው ጠበቃ በናዚዎች ዘመን የተወገዙትን የጀርመን ኤክስፕሬሽኒስቶች ሥዕሎች ሰብስቦ በ1946 ለከተማው አበርክቷል። በእነዚያ ሥዕሎች ፈረስ ሰማያዊ፥ ፊት አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ቀለም የሚታዘዘው ለስሜት እንጂ ለሚታየው ነገር አይደለም። በከተማው የሚኖር የሥዕል ተማሪ ይህን ሁሉ በቅርብ የማየት ዕድል ነበረው።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም ጎረቤትነት አንድ ታሪክ ብናነሣ ከጉዳዩ የሚያርቀን አይመስለንም። በፓሪስ በሚገኘው በታወቀው የጎብሊን የሽመና ፋብሪካ ሼቭረል የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ የማቅለሚያው ክፍል ኀላፊ ነበረ። ሸማኔዎቹ የጥቁሩ ክር ቀለም ደከመብን ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ሊቁ ቢመረምረው ጥቁሩ ምንም አልጎደለውም፤ ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀለም በጎረቤቱ ምክንያት ሌላ መስሎ እንደሚታይ አስረዳ። ቀይ ከአረንጓዴ ጎን ሲቀመጥ ሁለቱም ይደምቃሉ፤ በአንድ ጣሳ ሲበጠበጡ ግን ሁለቱም ጭቃ ይሆናሉ። እኛ በቢጫው፥ በሰማያዊውና በቀዩ ያደረስነው ጥፋት ይህንኑ የመሰለ ነው። የሸማ ተራ ሸማኔ ስለ ሼቭረል ባይሰማም ጥለቱን ሲያወጣ ይህን ሕግ በእጁ ያውቀዋል።

ገብረ ክርስቶስ በ1961 ትምህርቱን በከፍተኛ ውጤት ፈጸመ። በኮሎኝም ሥዕሎቹን ለሕዝብ አሳየ። በ1962 ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ይህ ትምህርት ቤት በሠዓሊ ዓለ ፈለገ ሰላም አሳቢነት በ1950ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ በመሥራቹ ስም የሚጠራ የዩኒቨርሲቲያችን አካል ነው።

በ1963 በአዲስ አበባ ሥዕሎቹን ባሳየ ጊዜ ሕዝቡ ሁለት ሆነ። ከዚያ በፊት ተመልካች የለመደው ቅዱሳኑን፥ የዐድዋን ጦርነት፥ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ወይም የሰውን መልክ ልክ እንደ ፎቶግራፍ የሚያሳይ ሥዕል ነበር። የገብረ ክርስቶስ ሥዕል ግን በብዙው መልክ የለውም። ቀለምና ቅርጽ ብቻ ሆኖ ቆሞ ተመልካቹን ያፈጥበታል። በዚያው ዓመት የሣለው ጎልጎታ የተባለው ሥዕል ለዚህ ምስክር ነው፤ የስቅለቱን ሐዘን የሚሸከመው የሚያለቅስ ፊት ሳይሆን ቀዩ ቀለም ነው። አንዳንዶች አደነቁ። ብዙዎች ደግሞ ይህ ከፈረንጅ የተኮረጀ ነገር ነው፥ ኢትዮጵያዊነት የለውም ብለው ነቀፉት። ይህ ነቀፋ ዕድሜውን ሙሉ ተከተለው።

እኛም በመካከላችን በዚህ ነገር ሳንጣላ አልቀረንም። አንደኛው ወገን ከአገር ሕዝብ ጋር የማይነጋገር ሥዕል ምን ይረባል ሲል ተከራከረ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ በርበሬ ሻጭዋ እናት የማይገባቸው ሥዕል ለማን ተሣለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሌላው ወገን ግን እንዲህ ሲል መለሰ፤ ቀዩን ለቅዱስ ስም ብቻ የሚያከብር የጸሐፊ ቤት ልጅ፥ በኋላ ሐዘንን በቀይ ብቻ ቢናገር ይህን ልማድ ያመጣው ከኮሎኝ ነው ወይስ ከሐረር? ክርክሩ አላለቀም። ነገር ግን ከግድግዳው ሥራ በኋላ ብዙዎቻችን ወደ ሁለተኛው ወገን ያዘነበልን ይመስለናል። ሁለት ትምህርት በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኝ ጭቃ መሆንም፥ አዲስ ቀለም መሆንም ይችላል፤ ልዩነቱ ያለው በመጠኑና በበጥባጩ እጅ ነው። ገብረ ክርስቶስ ሁለቱንም ከሥራቸው ያውቃቸው ነበር። ስለዚህም አረንጓዴው ወጣለት።

በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ረገድ ሽልማት ሰጠው። በ1966 ደግሞ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት እስከ 1969 ድረስ አስተማረ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ትምህርት ቤት መገኘታቸው ለተማሪዎቹ ትልቅ ዕድል ነበር። አንዱ ባዶ ሸራ ላይ ቀለምን ሲያናግር፥ ሌላው የጥንቱን የብራናና የክታብ ምስል በአዲስ ሕልም ሲያጥለቀልቅ ማየት ለወጣት ሠዓሊ ሁለት በር መከፈት ማለት ነው። ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ኮስሮፍ በእነዚያ ዓመታት ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡና በኋላ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ አንዱ የአገሩን ጥንታዊ ምልክት በቀርከሃ ላይ፥ ሌላው የግዕዝን ፊደል በሸራ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል። የመምህሩን ሥራ የሚመስል ሥራ አልሠሩም። መምህር ቀለም እንዴት እንደሚበጠበጥ አስተምሮ ምን እንደሚሣል ለተማሪው ሲተውለት የሚገኘው ፍሬ እንደዚህ ነው።

ስለ ግል ሕይወቱ ብዙ ለማለት አንደፍርም፤ አንድ ነገር ግን ከቀለም ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ እንጠቅሰዋለን። ገብረ ክርስቶስ ቆዳን በየቦታው የሚያነጣ ለምጽ ነበረበት። ይህ ሕመም የማይጎዳና ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ መሆኑን ሕክምና ያረጋግጣል። ሆኖም በአገራችን ሰው በእንዲህ ያለው ሰው ላይ እንዴት እንደሚያፈጥ፥ እንዴትም ፈቀቅ እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። ቀለምን የሕይወቱ ሥራ ያደረገ ሰው በገዛ ገላው ቀለም ምክንያት መታየቱ ምን ያህል ይመረው እንደ ነበረ እኛ ልንናገርለት አንችልም። ከሥዕሎቹና ከግጥሞቹ ውስጥ ብቸኝነት አለመጥፋቱን ግን ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

አዎን፥ ግጥምም ጽፏል። በአማርኛ ከጻፉት ዘመናውያን ባለቅኔዎች መካከል ስሙ በክብር የሚነሣ ነው። ግጥሞቹ ተሰብስበው መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ የታተሙት ግን ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በግጥሙም እንደ ሥዕሉ የተለመደውን ቤት አፍርሶ በሌላ ልክ መሥራት ይወድ ነበር።

በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። ሥነ ጥበብ ለፖለቲካ መፈክር እንዲያገለግል የሚፈለግበት ዘመን መጣ። ለሠርቶ አደሩ ግልጽ የሆነ፥ ጡንቻውና መዶሻው የሚታይ ሥዕል ነበር የሚፈለገው፤ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ለሆነ ሥዕል ቦታው ጠበበ። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሩን ለቅቆ ወደ ጀርመን ሄደ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1981 በኦክላሆማ ክፍለ ሀገር፥ ላውተን በምትባል ከተማ ሞተ። ዕድሜው ገና 50 አልሞላም ነበር።

ይህን ስናነብ ከሁሉ አብልጦ ያሳዘነን በባዕድ አገር መሞቱ ብቻ አይደለም። የአለቃ ደስታ ሙያ ሰው ከሰው ጎን ሆኖ የሚሠራው ሙያ ነው። አባት ልጁን፥ ልጁም ተማሪውን አጠገቡ አስቀምጦ ያስተምራል። ሰንሰለቱ ከሐረር ተነሥቶ በኮሎኝ በኩል ዞሮ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። መምህሩ ሲሰደድ ያ ሰንሰለት ላላ። ሊሠራቸው ይችል የነበሩትን ሥዕሎች ማጣታችን አንድ ጉዳት ነው፤ አጠገቡ ተቀምጠው ሊማሩ ይችሉ የነበሩትን ማጣታችን ግን ከዚያ የባሰ ጉዳት ነው።

በጀርመን ቀርተው ከነበሩት ሥዕሎቹ መካከል የተወሰኑት ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2008 በስሙ የተሠየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በዩኒቨርሲቲያችን ተከፈተ። ሥዕሎቹ ቤታቸው ገብተዋል፤ አሁን የሚያስፈልጋቸው ተመልካች ነው።

አሁን ወደ ግድግዳችን እንመለስ። ከሊስትሮው ልጅ በኋላ ሥራው ተለወጠ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቆርኪ ተሰጠው፤ የራሱን ቀለም በጥብጦ የጎረቤቱን እያየ እንዲያስማማ ሆነ። ሁለት ልጆች የተጣሉበት ጊዜ ነበር፤ የአንዷ ብርቱካን ቀለም በሌላው ሰማያዊ አጠገብ እጅግ ስለ ደመቀ የእኔን አጠፋችብኝ ብሎ ከሰሳት። ጥቂት ነጭ ሰማያዊው ላይ ቢጨመርበት ጠቡ በረደ። እኛ አምስታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚያ ወዲያ ውኃ አመላላሾች ሆንን፤ በሙያው ደረጃ የሚገባን ቦታም ያ ነበር። መጀመሪያ ያበላሸነው ጭቃም አልተፋቀም። ልጆቹ ከታች በኩል ያለውን መሬት አደረጉትና ሰዎቹን፥ አህያዎቹንና የተጫነውን ጆንያ ሁሉ በላዩ ላይ አቆሙበት። ክረምት ላይ መርካቶን ያየ ሰው መሬቱ በትክክል ያን ቀለም መሆኑን ይመሰክራል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ልጆቹን ይዘን ወደ ሙዚየሙ ሄድን። እኛ ያነበብነውን ያህል ስለ ኤክስፕሬሽኒዝም ለማስረዳት ተዘጋጅተን ነበር። ሊስትሮው ልጅ ግን ማብራሪያችንን አልሰማም። ከአንድ ሥዕል ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመና ሥዕሉ ምን እንደሚመስል ሳይሆን የትኛው ቀለም አስቀድሞ እንደ ተቀባ፥ የትኛውስ በኋላ እንደ ተጨመረበት በጣቱ እያመለከተ ይነግረን ጀመር። ትክክል ይሁን አይሁን ልንፈርድ አልቻልንም፤ ለመፍረድ የሚያበቃ እጅ የለንምና። ነገር ግን ሠዓሊው ራሱ በዚያ ቢኖር ኖሮ ከእኛ ይልቅ ከዚያ ልጅ ጋር ይነጋገር እንደ ነበረ አልተጠራጠርንም።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ይህ መጽሔት በአንድ ጥቁር ቀለም ብቻ የሚባዛ ስለ ሆነ የገብረ ክርስቶስን ሥዕል እዚህ ላይ ልናሳያችሁ አንችልም። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ በሁለት ክፍለ ጊዜያት መካከል ባለችው ትርፍ ሰዓት ሄዶ መመለስ ይቻላል። ከዚያም በኋላ አንድ ቅዳሜ ወደ መርካቶ ወርዳችሁ ቢጫና ሰማያዊ ግዙ፤ ከሰፈሩ ልጆችም ጋር ተቀመጡ። ቢጫውን አስቀድማችሁ አኑሩ፤ ሰማያዊውን በጠብታ ጨምሩ። የቀረውን ልጆቹ ያሳዩአችኋል።